የሽሮ ግራ ዓይን

አንዲት ድመት በካርቶን ከትቼ፣ ባጃጅ ላይ ጭኜ፣ ሐይቁ ዳር ወስጄ ጥያለሁ። ይኸው ተናገርኩት። ከሚስቴና ከአንድ የእንስሳት ሐኪም በቀር እስከዛሬ ለማንም አልነገርኩም፤ ነገሩ ግን ማታ ማታ እየመጣ ይነዘንዘኛል።

ካርቶኑ የዘይት ካርቶን ነበር። እንድትተነፍስ ብዬ በቢላ ሁለት ቦታ በስቼዋለሁ። ያን ያህል ደግ ነበርኩ ማለት ነው። ባለባጃጁ በመስታወት አየኝና «ምንድን ናት እንዲህ የምትጮኸው?» አለኝ። ድመት ናት አልኩት። «ሌባ ናት?» «አይ፣ በሽተኛ ናት።» ውሸቴን ነው። ስታነጥስ አይቻት አላውቅም። ዓይኗም አፍንጫዋም ንጹሕ ነበር። የታመመችው የእኛዋ ናት፤ እኔ ደግሞ ጥፋተኛ ፍለጋ ላይ ነበርኩ።

ጆንያው

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከሽምብጥ ወደ አባይ ማዶ ቤት ቀየርን። ተከራይቶ የሚኖር ሰው ቤት መቀየር ምን እንደሆነ ያውቀዋል፣ አላስረዳም። ድመቶቻችን ሁለት ናቸው። ትልቋ ሽሮ ትባላለች፣ በመልኳ ነው፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ትንሿ ቆሮሶ ናት፣ ያኔ ሦስት ወር ቢሆናት ነው። ስሙን ያወጣችላት ልጄ ናት፣ ጎኗ ላይ ያለው ሰንበር የቆሮሶ ዓሣ ይመስላል ብላ። (የባሕር ዳር ልጅ ዓይን ሁሉንም ነገር ዓሣ ያደርገዋል።)

ሽሮን በጆንያ አድርገን ወሰድናት። እንደዚያ አድርጉ ያለችው እናቴ ናት፤ ድመት መንገዱን ካየች ወደ ድሮ ቤቷ ትመለሳለች ብላ። አፉን በሲባጎ አሰርነው። ድልድዩን እስክንሻገር ጮኸች። ከድልድዩ በኋላ ዝም አለች፣ ዝምታዋ ከጩኸቷ ባሰብኝ። ስንደርስ ጆንያው ረጥቦ ነበር። ስንፈታት አልጋ ሥር ገባችና ሦስት ቀን አልወጣችም። ቆሮሶ ግን ልጄ ጃኬት ውስጥ ተወሽቃ እየተጫወተች ነው የመጣችው፣ ምንም አልመሰላትም።

በሁለተኛው ሰኞ ግራጫዋ መጣች። የማን እንደሆነች አይታወቅም። አንድ ጆሮዋ ጫፉ ተቀዷል። ሽሮ ያስተረፈችውን በላች፣ ከቆሮሶ ጋር በአንድ ሳህን ውሃ ጠጣች፣ ደረጃው ላይ ተኛች። ሐሙስ ማታ ቆሮሶ አነጠሰች። ሳቅን፤ ትንሽ ድመት ስታነጥስ ያስቃል። ዓርብ በተከታታይ አሥር ጊዜ አነጠሰች። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ዓይኖቿ በቢጫ ፈሳሽ ተጣብቀው አልገለጥ አሉ፣ አፍንጫዋ ተደፍኖ በአፏ ትተነፍሳለች፣ የምትወደውን ዓሣ ፊቷ ሲያስቀምጡላት እንደ ድንጋይ አለፈችው።

ጎረቤታችን እትዬ መጥተው አዩዋትና «ብርድ መቷት ነው» አሉ፤ የሐይቁ ንፋስ። ከዚያ ደረጃው ላይ ያለችውን ግራጫ አዩ። «ወይም ይቺ ናት ይዛባችሁ የመጣች።» እኔ የምፈልገው ይህንን ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የዘይት ካርቶኑን ፈለግኩ።

አረንጓዴዋ ቅርንጫፍ

ሰኞ ቆሮሶን በቅርጫት ይዤ ወደ እንስሳት ሕክምና ሄድኩ። ሰልፉ ላይ ሁለት በግ፣ አንድ በቅሎና የእብድ ውሻ ክትባት የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ውሻ ነበሩ። ባለበቅሎው ቅርጫቱን ገልጦ አየና «ለድመት ነው እንዴ የመጣኸው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በቅሎ ትሸከማለች፣ በግ ይበላል፣ ድመት አይጥ ካልያዘች ምን ትሠራለች? እውነቱን ለመናገር ሰውዬው አልተሳሳተም፤ ድሃ አገር ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው በሬውን ነው።

ሐኪሙ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዘመናቸውን ከከብት ጋር ያሳለፉ ሰው ናቸው። በድመት አልሳቁም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ምን ሰጣችኋት?» ብለው ነው። እስካሁን ምንም፣ ግን ትኩሳት ስላላት ግማሽ ፓራሲታሞል ፈጭተን ማንኪያ ላይ አድርገን ነበር፣ ልጄ አልቅሳ አስተወችን አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ልጅህን ሳምልኝ» አሉኝ። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን እንደ ሰው ጉበት ሰብሮ ማስወጣት አይችልም። መርዙ ደሟ ውስጥ ይገባና ደሟ ኦክሲጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል። አንድ ሙሉ ኪኒን ትልቅ ድመት ሊገድል ይችላል። እኛ ለሦስት ወሯ ድመት ግማሹን ልንግታት ነበር። ማንም ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለ ኪኒን እኮ ነው።

ከዚያ የቆሮሶን አፍ ከፍተው ምላሷን ገለበጡ። ቁስል የለም። «ካሊሲ ቢሆን ምላሷ ይቆስል ነበር» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ካሊሲ ሌላው የድመት ጉንፋን ቫይረስ ነው። ጫፉ ብርቱካናማ የሆነ ቀጭን ወረቀት አወጡ፣ በጠብታ ውሃ አራሱትና የታችኛውን ሽፋሽፍቷን ነኩት። ዓይኗ በሙሉ ቢጫ ሆነ። አጠቡት። መጋረጃውን ሳብ አደረጉና ሰማያዊ ብርሃን ያላት ትንሽ ባትሪ አበሩ።

«ና እየው።»

ጎንበስ አልኩ። ጥቁሩ የዓይኗ ክፍል ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ታበራለች። ከፀጉር የቀጠነች። ትሄድና ለሁለት ትከፈላለች፣ አንዷ ደግሞ ሄዳ ትከፈላለች፣ ቅጠሉ የረገፈ ቅርንጫፍ በሉት። ሁሉም ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው። ቀለሙ የሚይዘው የዓይኑ ሽፋን የተላጠበት ቦታ ላይ ብቻ ነው አሉኝ። ቫይረሱ አንዱን ህዋስ በልቶ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ የሄደበት መንገድ ነው ያ መስመር። የድመትን ዓይን እንዲህ እንደ ዛፍ አድርጎ የሚቆርጠው የድመት ሄርፒስ ቫይረስ ነው። ሰውን አይዝም፣ ለልጅህ አትፍራ አሉኝ።

እኔ ግን አእምሮዬ ግራጫዋ ላይ ነበር። «ዶክተር፣ ምርመራ የለም? እንደ ኮሮናው ጊዜ፣ ፒሲአር?»

«ውጤቱ ምን እንዲነግርህ ነው?»

«ማን እንዳመጣባት።»

ሳቁ። ክፋት የሌለው ሳቅ ነው። ከዚያ ጠያቂው እሳቸው ሆኑ። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት አለች? አለች፣ ትልቅ ናት፣ ምንም አልሆነችም። ልጅ እያለች እንዲህ ታማ ታውቃለች? አይ አልኩና... ቆየሁ። ታማ ነበር። ሽሮን ከገበያ ስናመጣት ዓይኖቿ ተጣብቀው ነበር፣ ሚስቴ በሻይ እየነከረች በጥጥ ስትጠርግላት ሰንብታ ዳነች። ስድስት ዓመት አለፈው፣ ረስቼው ነበር።

«ቤት ቀይራችሁ ነበር?»

ቀዝቀዝ አለኝ። ይህን በምን አወቁ?

«መቼ?»

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ቅዳሜ ገባን። ሐሙስ አነጠሰች። አሥራ ሁለት ቀን። «ከገባችሁ ከሳምንት በኋላ ትልቋ ላይ ምንም አላያችሁም? ትንሽም ብትሆን?» አሉኝ፤ አይ ልል አፌን ስከፍት የሽሮ ግራ ዓይን ትዝ አለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ላይ ግራ ዓይኗ ያለቅስ ነበር። እንባ ብቻ። የአዲሱ ቤት አቧራ ነው ብለን ተውነው። በዚያ ዓይኗ እያለቀሰች ማታ ማታ ቆሮሶን አቅፋ ፊቷን ስትልስላት ነበር የምታድረው። እንዴት ትወዳታለች እያልን ፎቶ ሁሉ አንስተናል።

የመነኮሰው ማን ነው

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል አይደል?» አሉኝ ሐኪሙ። «እዚህ ላይ የመነኮሰችው ድመቷ አይደለችም። ቫይረሱ ነው።»

እንዲህ ነው ነገሩ። ድመቷ ትድናለች፣ ቫይረሱ ግን ከሰውነቷ አይወጣም። ከፊት የሚነሳውን ትልቁን ነርቭ ተከትሎ ይሄድና ራስ ቅል ውስጥ ነርቩ የሚቋጠርበት ቦታ ላይ ይመንናል። አይባዛም፣ አይታይም፣ አያስነጥስም። ታመው የዳኑ ድመቶች ሁሉ ማለት ይቻላል እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይዘውት ይኖራሉ። ድመቷ ስትጨነቅ ከገዳሙ ይወጣል። ጭንቀቱ አዲስ ቤት፣ አዲስ ድመት፣ መውለድና ማጥባት፣ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ግን ወዲያው አይወጣም። አንድ ሳምንት ገደማ ይወስድበታል፤ ከዚያ ለአንድ ሁለት ሳምንት በእንባዋ፣ በምራቋ፣ በአፍንጫዋ ይፈሳል፤ ብዙ ጊዜ ድመቷ ላይ ምንም ምልክት ሳይታይ፣ ወይም አንድ ዓይን ትንሽ እያለቀሰ። አዲስ የተያዘችው ደግሞ ከሁለት እስከ ስድስት ቀን ውስጥ ማነጠስ ትጀምራለች። ሳምንት ሲደመር አምስት ቀን። ቅዳሜ፣ ቅዳሜ፣ ሐሙስ።

ፒሲአሩስ? ቢሠራም የሚነግረኝ ቫይረሱ አለ ወይም የለም ነው። ጤነኛ ተሸካሚ ድመት ላይም «አለ» ሊል ይችላል፣ ሕያው ክትባት በቅርቡ የወሰደች ላይም እንደዚሁ። ተሸካሚዋ ቫይረሱ በመነነበት ቀን ብትመረመር ደግሞ «የለም» ይላል። «ግራጫዋ አላመጣችም አልልህም። የመንገድ ድመት ናት፣ ተሸካሚ ልትሆን ትችላለች። አምጥታለችም አልልህም። አንተ ፍርድ ቤት ነው የፈለግከው፣ እኔ ጋ ያለው ሐኪም ቤት ነው» አሉኝ።

የሰጡን ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው። ያው ትራኮማ በበዛበት በእኛ ክልል እያንዳንዱ ቤት የሚያውቀው ትንሹ ቱቦ። ቫይረሱን አይነካውም፤ ከኋላው ተከትለው የሚገቡትን ባክቴሪያዎች ለመከላከል ነው። ድመትም የራሷ ክላሚዲያ አላት፣ ለትራኮማው ባክቴሪያ ዘመዱ ነው። ሌላው ሕክምና የእኛ ሥራ ነበር። ድመት የማትበላው ስላልራባት ሳይሆን ስላልሸተታት ነው። አፍንጫዋ ከተደፈነ ምግቡ ለእሷ የለም። ስለዚህ አፍንጫዋን በለብ ያለ የጨው ውሃ መጥረግ፣ ለቆሮሶ የቆሮሶ ዓሣ መረቅ (ልጄ በዚህ በጣም ተቆጥታለች) እያሞቁ፣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ እንዲመጣ አድርጎ ማቅረብ። በአራተኛው ቀን ላሰች። ሚስቴ ኩሽና ውስጥ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ሚስቴ ቤቱን በሙሉ በበረኪና አጥባለች። ለሄርፒሱ ያን ያህል አያስፈልግም ነበር፣ ከድመት ውጭ አንድ ቀን የማይሞላ ዕድሜ ያለው ደካማ ቫይረስ ነው። በረኪና የሚያስፈልገው ለካሊሲ ነው፤ እሱ ሳህንና ወለል ላይ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ አልኮልም ብዙ አይበግረውም። ግን ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። የደከመ ሰው ሥራ ላይ እንዲህ ዓይነት እውቀት አይወረወርም።

እንግሊዞቹ ያደረጉት

ያን ሰሞን ማታ ማታ ቆሮሶን ደረቴ ላይ አስተኝቼ ስልኬ ላይ ሳነብ አመሽ ነበር። ካሊሲውን በ1957 ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ሄርፒሱን በ1958 አሜሪካ ውስጥ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያወጧቸው። ሁለቱ ናቸው የድመትን ጉንፋን በአብዛኛው የሚያመጡት። ዘዴው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከድመት ኩላሊት የተወሰዱ ህዋሳትን ሳህን ላይ ያሳድጋሉ፤ አንድ ላይ ተጠጋግተው እንደ ጥሩ እንጀራ ሳህኑን ይሸፍኑታል። ከታመመችው ድመት ጉሮሮ በጥጥ የተጠረገውን ይጨምሩበታል። ቫይረስ ካለ ህዋሳቱ ክብ እየሆኑ ይሞታሉ፣ ይላቀቃሉ፣ እንጀራው ይበሳሳል። በአጉሊ መነጽር የሚታየው ቫይረሱ ሳይሆን ያደረሰው ጥፋት ነው።

ታዲያ የተደበቀውን እንዴት ያገኙታል? ከዳነች ድመት ጉሮሮ ቢጠርጉ ህዋሱ አይሞትም። ምንም የለም። እናቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እዚህ ግን የደበቀው በሽተኛው አይደለም፣ በሽታው ራሱ ነው የተደበቀው።

መልሱን ሳነብ ስልኬን ገልብጬ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። በ1970ዎቹ እንግሊዝ አገር፣ ሮዛሊንድ ጋስኬል የምትባል ተመራማሪና ባልደረባዋ ፖቪ፣ ታመው የዳኑ ድመቶችን ወሰዱ። ለከፊሎቹ የኮርቲዞን ወገን የሆነ መድኃኒት ሰጧቸው። (የዓይን ጠብታ ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ ገዝታችሁ ለድመት አታድርጉ፣ አንዳንዱ ውስጥ የዚሁ ወገን መድኃኒት አለ፣ የተኛውን ይቀሰቅሳል።) ከፊሎቹን ደግሞ ከለመዱበት ቦታ አንስተው ወደ ሌላ ቤት አዛወሯቸው። ያው ነው። ቤት ቀየሩባቸው። ከዚያ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ህዋስ ላይ እያደረጉ ጠበቁ። ቀናት አለፉ፣ ምንም የለም። ከዚያ የአንዳንዶቹ ሳህን መበሳሳት ጀመረ። መድኃኒቱ የቀሰቀሳቸው ይበዛሉ፣ ቤት መቀየር የቀሰቀሳቸው ያንሳሉ፣ ግን አሉ። ጽሑፉ በ1977 ወጣ።

እኔም ያንን ሙከራ አድርጌዋለሁ፣ በጆንያ፣ ያለ ማስታወሻ ደብተር። እነሱ ድመቶቹን ለየብቻ አስቀምጠው ነበር፤ እኔ አጠገቧ የሦስት ወር ሕፃን አስተኛሁ፣ ያውም ከእናቷ ወተት ያገኘችው መከላከያ እያለቀ ባለበት ዕድሜ። ሽሮን ማንም አላሰበባትም። አልጋ ሥር ሦስት ቀን ስትቀመጥ «ትለምዳለች» ነው ያልነው። የማይናገር ሰውነት ጭንቀቱን የሚያወጣበት መንገድ ይፈልጋል ብሎ ማን ያስባል?

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸኛው ነው። ግራጫዋ ተሸካሚ ካልነበረች ንጹሕ ድመት ነው ያባረርኩት። ተሸካሚ ከነበረች ደግሞ ደረጃዬ ላይ ጸጥ ብላ ተኝታ የነበረችን ድመት በካርቶን አፍኜ፣ እያስጮህኩ፣ ወደማታውቀው ቦታ ወሰድኳት። ሽሮን ያደረግኳትን እሷንም። እዚያም ከእሷ ጋር ዓሣ የሚሻሙ ብዙ ድመቶች አሉ። ለግራጫዋም ቀን መቆጠር ጀምሯል ማለት ነው።

ሐይቁ ዳር

ከጣልኳት በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ወደዚያው ተመለስኩ። ቆሮሶ ድናለች፤ ግራ ዓይኗ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጉም ቀርታለች፣ ብርሃን ሲያርፍባት ብቻ ነው የምትታየው። አሁን እሷም መንኩሳለች። ሽሮ ምንም አልሆነችም፣ ሁለተኛ ቤት ስንቀይር ግን በጆንያ እንደማልወስዳት ለእናቴ ነግሬያታለሁ። እናቴም «እንግዲያ ትጥፋልህ» ብላኛለች።

ጠዋት ነበር። ጀልባዎቹ ገብተው ሰዎቹ ዓሣ ይገፍፋሉ። የቢላው ድምፅ፣ ሽታው፣ ሆድ ዕቃው የሚወረወርበት ቦታ፣ ከላይ የሚያንዣብቡት ወፎች፣ ከታች ድመቶቹ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ግራጫ ሦስት አሉ። ጆሮዋ የተቀደደ አላየሁም፤ ከተገለበጠው ጀልባ ሥር ግን ጀርባዋ ብቻ የሚታይ አንዲት ነበረች። ጎንበስ ብዬ ልጠራት አልኩ፣ በምን ስም እንደምጠራት ግን አላውቅም።

ከጀልባው ማዶ አንዲት ትንሽ ጥቁር ድመት አነጠሰች። ደግማ አነጠሰች።

ዓሣ የሚገፍፈው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። «የሐይቁ ንፋስ ነው» አለኝ፣ «ጠዋት ጠዋት እንዲህ ያደርጋቸዋል።» ቢላውን ሱሪው ላይ ጠረገና አንድ አምባዛ ሳበ። ለግራጫዋ አሥራ አራተኛ ቀኗ ነበር።